ቆጮ በጓሮ፣ ጥብስ በአደባባይ

ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለጥናት ወደ ክፍለ ሀገር የወጣ የተማረ ሰው፣ ሻንጣውን ሆቴል አስቀምጦ ፊቱን ከታጠበ በኋላ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች። «እዚህ አገር ትክክለኛው የአካባቢው ምግብ የት ነው የሚገኘው?» ይላል። ሐረር ላይ ከሆነ መልሱ አይቸግርም። ጀጎል ውስጥ ገብቶ፣ በጠባቡ መንገድ የሳምቡሳውን ሽታ ተከትሎ መሄድ ነው። ዲላ ላይ ግን የሆቴሉ ዘበኛ ጥያቄውን ሰምቶ ትንሽ ያስብና፣ እንግዳውን ለማስደሰት ከልቡ እየፈለገ፣ «ጥሩ ጥብስ ቤት ላሳይዎት?» ይላል።

መቼም ዘበኛውን የሚወቅስ የለም። በከተማው ምርጥ ነው ተብሎ የሚታመነውን ነው የጠቆመው። ነገር ግን ይህ መልስ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። ከምግብም አልፎ ማን በአደባባይ እንደሚበላና ማን በጓሮ እንደሚበላ የሚናገር መልስ ነውና።

እስቲ ከዋናው መንገድ እንጀምር። ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አልፎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ያገኟታል። እንደ ጎንደር ነገሥታት የቆረቆሯት፣ እንደ ሐረርም ግንብ ያጠራት ከተማ አይደለችም፤ የቡና ንግድ ያሳደጋት ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ ይግቡና ሜኑውን ይግለጡት። ጥብስ፣ ቅቅል፣ ሽሮ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በሥጎ፣ ሩዝ በአትክልት፣ የጾም ቀን ከሆነ በያይነቱ። ይህን ሜኑ አጥፈው በኪስዎ ይዘውት ቢሄዱ ነቀምት ላይም፣ ወልዲያ ላይም ይሠራል። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመልከቱ። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ዓይን የሚሞላው አረንጓዴ እንሰት ነው። እንሰቱ በቡናው መሐል፣ ቡናው በዋርካውና በዋንዛው ጥላ ሥር። በመስኮቱ የሚያዩትን ሜኑው ላይ አያገኙትም። የሚጋገርበት ጤፍ እንኳ ከሩቅ አገር በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው።

ቆጮ ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቦታ አለ፤ ግን ክትፎ ሲያዙ ነው የሚመጣው። በቀጭኑ ተቆርጦ፣ በክትፎው ጎን ተደርድሮ፣ እንደ ሚዜ። ብቻውን ልዘዝህ ቢሉት አስተናጋጁ ግራ ይጋባል።

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ደግሞ ይሄ ነው። ያው ቆጮ አዲስ አበባ ሲገባ ክብሩ ከፍ ይላል። ቦሌ ወይም ካዛንቺስ ያለ ክትፎ ቤት ሄደው ከሆነ፣ ቆጮው በነጭ ሳህን፣ በኮባ ቅጠል ላይ ተነጥፎ ሲመጣ አይተዋል። ቡላማ ከናካቴው የወላድ ጥሪትና የሀብታም ገንፎ ሆኗል። እንግዲህ ምግቡ ራሱ አላፈረም ማለት ነው። ያፈረው አገሩ ላይ ነው። ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚባለው ለቆጮም ሠርቷል።

ለዚህ እፍረት ቋንቋችንም ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ከደቡብ የመጣ አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ የሚራብ ሰው ሁሉ እንጀራ ነው እንዴ የሚያምረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በአማርኛ እንጀራ የምግብ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ኑሮም ነው። ሥራ ፍለጋ የሚወጣው «እንጀራ ፍለጋ» ነው የሚወጣው። የሰው መተዳደሪያ «እንጀራው» ነው። ከሥራ ያባረረ አለቃ «እንጀራዬን ዘጋው» ይባላል። እናት የሞተችበት ልጅ «የእንጀራ እናት» ይገባለታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በገሊላ ሐይቅ ማዶ ሕዝብ የጠገበበት የገብስ ዳቦ እንኳ እንጀራ ሆኖ ነው የተተረጎመው። ተርጓሚውን አልነቅፍም፤ አንባቢው እንዲገባው ነው ያደረገው። ነገር ግን እንጀራ «ምግብ» ከሆነ፣ ቆጮ ምንድነው? ቋንቋው በደጃፉ የሚቀበለው አንዱን ነው፤ ሌላው በጓሮ በር ይግባ ይለዋል።

አንድ ልጨምር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እንሰት አይታወቅም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በየግቢው ጥግ አንድ ሁለት እግር ኮባ አይጠፋም። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በኮባ ተጠቅልሎ ነው፤ ያ የምንወደው የዓመት በዓል ሽታ ግማሹ የኮባ ሽታ ነው። ማለትም ግማሹ አገር ቅጠሉን እየተጠቀመ ሥሩንና ግንዱን ሳይነካ፣ ግማሹ አገር ደግሞ ከዚያው ተክል ሙሉ ሕይወቱን እያወጣ ስንት ዘመን ኖረናል። መጠቅለያውን ወደን ምግቡን «የነእንትና» ማለታችን የሚገርም ነው።

ያውም እንዴት ያለ ምግብ! እንሰት ተተክሎ ለመብላት ዓመታት ይጠብቃል። ሲደርስ ሴቶቹ ግንዱን በቀርከሃ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይቀጠቅጡታል፣ በቅጠሉ በተነጠፈ ጉድጓድ ቀብረው ለሳምንታትና ለወራት ያብላሉታል። ሲፋቅ የሚወጣው ነጭ ውሃ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ ጭረቱ ቃጫ ይሆናል። ዝናብ ቢዘገይ ጤፍ ይደርቃል፤ እንሰት ግን ቆሞ ይጠብቃል። ጎተራው በቁሙ የሚያድግ እህል ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ጌዴኦ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚያች ተዳፋት መሬት ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ የቆየው ይህ ተክል ነው። ዊልያም ሻክ የተባለው አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ በጻፈው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ሲጠራው፣ ተክሉ ከምግብ ያለፈ መሆኑ ገብቶት ነው።

አሁን ወደ ጓሮው እንለፍ።

ዲላ ላይ ትክክለኛውን ምግብ የሚፈልግ ሰው አስፋልቱን ትቶ ወደ ገበያው ጀርባ መታጠፍ አለበት። ጠዋት ከሆነ መጀመሪያ የሚቀበሉት የጀበና ቡና ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ትንሽ ረከቦት፣ አራት አምስት ዱካ፣ ከላይ ላስቲክ። ቀጥሎ ጉሊቶቹ ናቸው። አቮካዶና ሙዝ በመደብ ተከምሮ፣ አናናሱ ከነቅጠሉ ተደርድሮ፣ ሸንኮራው እንደ ማገዶ ተደግፎ። በብረት ድስት ቅቅል በቆሎ አለ፤ ጎደሬና ስኳር ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ በሰፌድ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ የሚጠብሱ ልጆች አሉ። ጠለቅ ሲሉ ደግሞ ጥሬ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጥበት ረድፍ ይገኛል። ሽታው ለለመደው እንደ እርሾ፣ ላልለመደው እንደ ፈተና ነው።

በአንደኛዋ መታጠፊያ ላይ፣ ከሰል ላይ በተጣደ ምጣድ ቆጮ የምትጋግር ሴት አየሁ። ከጎኗ ጎመን በድስት፣ አይብ በጎድጓዳ ሳህን፣ ቀይ ሚጥሚጣ በብልቃጥ። አግዳሚው ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ ቡና ሲጭኑ የዋሉ የሚመስሉ ሁለት ወዛደሮች፣ ደብተር የያዘ ልጅ ተቀምጠዋል። ጠጋ ብዬ፣ «ለእኔም አምጪልኝ የኔ እህት» አልኳት።

ቀና ብላ ከጫማዬ እስከ መነጽሬ አየችኝና፣ «ይሄ ለእርስዎ አይሆንም ጋሼ» አለችኝ። «የኛ ምግብ ነው። ሽሮ ከፈለጉ ያውና እዚያ ማዶ ጥሩ ቤት አለልዎት።»

«ቆጮውን ነው የምፈልገው።»

«ይቀሙታል ብዬ እኮ ነው» አለች፤ አፈር ብላ። ባጃጅ ነጂው ሳቀና፣ «ስጫቸው እንጂ! እሳቸው ከኛ ምን ይለያሉ?» አላት። ተሰጠኝ። በእንሰት ቅጠል ቁራሽ ላይ፣ ትኩስ፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር። ጎምዛዛ ጣዕሙ ከጎመኑ ጋር ሲገናኝ ለምን አብረው እንደኖሩ ይገባል። ስለ ጣዕሙ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ስለ ንግግሯ ግን እጽፋለሁ።

«የኛ ምግብ ነው።» ልብ በሉ። እኛ የተማርነው ሰዎች ስንፈልግ የምንዞረው ይህንኑ ቃል ነው። የእነሱ የሆነው፣ ያልተቀባባው፣ ያልተኮረጀው። እሷ ግን ቃሉን የተናገረችው ለኩራት ሳይሆን ለይቅርታ ነው። ያው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ምስጋና፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ሆነ። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው የዚህ ሁሉ ነገር ችግር። ምግቡን «ትክክለኛ» የሚያደርገው ሰው ምግቡን ለእንግዳ ለማቅረብ እንዲያፍር ያደረገው ማን ነው?

አንዱ ተጠያቂ እኛው ነን፤ «ባህላዊ» የሚለውን ቃል ለጌጥ የሰጠነው። ባህላዊ ምግብ ቤት ስንል ምን እንደሚታየን ይታወቃል። ግድግዳው ላይ አገልግል፣ ጥጉ ላይ መሶብ፣ መድረኩ ላይ እስክስታ፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የፕላስቲክ ቄጤማ። ጥለት የለበሰች ልጅ እጅ ታስታጥባለች። መብሉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። እኔ ግን አንዲት መለኪያ አለችኝ። ሻጯ ምሳዋን ከዚያው ድስት ትበላለች ወይ? ጥለት የለበሰችው ልጅ እንግዳው ከሄደ በኋላ ጓዳ ገብታ ሌላ ነገር የምትበላ ከሆነ፣ ያ ምግብ ቤት ቲያትር ነው። ከገበያው ጀርባ ያለችው ሴት ግን እንግዳ ሲጠፋ ከምጣዱ ቆርሳ ትጎርሳለች። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ይቺን መለኪያ የያዘ ሰው «ጥንታዊ ነው ወይስ መጤ» በሚለው ክርክርም አይጠመድም። በዚያው ጓሮ የሚሸጠው በቆሎና አቮካዶ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። ሳምቡሳው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ነው የመጣው። ቦንቦሊኖው ስሙ ራሱ ጣሊያን ነው። ጠዋት ቦንቦሊኖ በሻይ የሚበላው የቀን ሠራተኛ ግን የዲላ ሰው ነው፤ አቮካዶውም በጌዴኦ ገበሬ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጎን ነው የበቀለው። ምግብ የአገር የሚሆነው የአገር ሰው ሲኖርበት ነው። የከተማውን ጎዳና ያሟቁት ጉራጌው፣ አማራው፣ ሲዳማው፣ ቡርጂው ሁሉ ድስት ይዘው ነው የመጡት። ንጹሕ ዘር የሚፈለግበት ድስት የለም።

ስለ ቡናው ሳልናገር ካለፍኩ ደግሞ ዲላ ትታዘበኛለች። ይርጋጨፌ ከዲላ ብዙ አይርቅም። ስሙን ዓለም ያውቀዋል። መንግሥት በ1990ዎቹ መጨረሻ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲጠይቅ ከስታርባክስ ጋር የተነሳው ውዝግብ፣ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት እስኪቋጭ ድረስ፣ የዓለም ጋዜጦች ወሬ ነበር። ስሙ የእኛ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ደግ ነው። ግን ያ ስም ያለው ቡና ለረጅም ዘመን በሕግ ለውጭ ገበያ የተመደበ ነበር። ደረጃውን ያሟላው ይወጣል፤ የተመለሰው ለአገር ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ በላስቲክ ጥላ ሥር ያለችው የጀበና ቡና ሴት ብዙውን ጊዜ የምትቆላው ዓለም አልፈልግም ያለውን ነው። ገበሬው ከራሱ ጓሮ ለቅሞ ይጠጣል፤ እሱን የሚቀድመው የለም። ከተሜዋ ግን ከመጋዘን የተረፈውን ትገዛለች። ያንን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስታወርደው የሚሰጠውን ጣዕም የቀመሰ፣ ችሎታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከውጭ የሚመጣው ቡና ቀማሽ የሚያደንቀው ፍሬውን ነው። እኔ የማደንቀው እጇን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ጓሮውን ገነት ለማድረግ አይደለም። ውሃው በጄሪካን ነው የሚመጣው። ቦዩ ክፍት ነው። ሴቲቱ እዚያ የተቀመጠችው ቅርስ ልትጠብቅ ሳይሆን ልጆቿን ልታበላ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ዘጠኝ መቶ ሺህ ገደማ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ብዙዎቹ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ተጠልለው የእርዳታ እህል ይቀበሉ ነበር። እህል በጆንያ ይሸከሙታል። እንሰት ግን ይዘውት የሚሸሹት ምግብ አይደለም። የስምንትና የአሥር ዓመት ጎተራን በቁሙ ጥሎ መሄድ ምን እንደሆነ እኛ ወር በወር ደመወዝ የምንቀበል ሰዎች በቀላሉ አይገባንም። ስለዚህ «የአካባቢ ምግብ» ስንል የጣዕም ጉዳይ ብቻ አድርገን አንውሰደው። መሬቱን ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው የራሱን ምግብ ነው።

ወደ ዛሬው ልምጣ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትክል ድንጋዮቹ፣ የተከበሩት ደኖች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ዛፍን፣ ቡናንና እንሰትን አንድ ላይ የሚያኖረው የእርሻ ጥበብ ዓለም አወቀው። ደስ ይላል። ግን ቅርሱ ምንድነው ብለን እንጠይቅ። የእንሰቱ ማሳ ቅርስ ከሆነ፣ ከማሳው የሚወጣው ቆጮ ምንድነው? ማሳውን ፎቶ ለማንሳት ከባሕር ማዶ የመጣ ጎብኚ ዲላ አድሮ ፓስታ በሥጎ በልቶ ከተመለሰ፣ ቅርሱን አየ እንጂ አልደረሰበትም። ማሳው በሕይወት የሚቆየው የሚበላው ሰው ሲኖር ነው። ልጆቹ ቆጮ የድሃ ነው ብለው ሲያድጉ፣ አባትየውም እንሰቱን ነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ሲተክል፣ የተመዘገበው ወረቀት ብቻውን ምን ይጠብቃል?

ሌላው ነገር የከተማ ማሳመር ነው። ኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ የክልል ከተሞችን እያዳረሰ ነው። መንገድ መስፋቱን፣ ቦይ መዘጋቱን፣ መብራት መብራቱን የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ያቺው ላስቲክ ሥር የምትውለው ሴት መሆን ትችል ነበርና። የምፈራው ሌላ ነው። ሲጸዳ መጀመሪያ የሚጠረገው ጉሊቱ ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ምጣዷ ነው። ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ በመስታወት ያማረ «ባህላዊ ምግብ ቤት» ይከፈታል፤ ቆጮውም በነጭ ሳህን ይመጣል፤ እሷ ዕድል ካገኘች በዚያ ቤት ዕቃ አጣቢ ትሆናለች። ምግቡ ወደ አደባባይ ወጣ፣ ባለቤቷ ግን ከጓሮም ጠፋች ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም፦ የውሃ ቧንቧ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ጣሪያ፣ የመቀመጫ ቦታ በስሟ። ለባጃጅ መቆሚያ የምትሰጥ ከተማ ለምጣድ መቆሚያ መስጠት አያቅታትም።

ለሆቴል ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ቆጮን ከክትፎ ሚዜነት አውጡትና በሜኑው ላይ ለብቻው ጻፉት። ከጎመን ጋር፣ ከአይብ ጋር፣ ከባቄላ ጋር። ከገበያው ጀርባ ካሉት ሴቶች ግዙት፤ ከእነሱ የተሻለ ጋጋሪ አታገኙም። የሚያፍር እንግዳ ቢኖር ፓስታው አለለት። ዘበኛውም «የአካባቢው ምግብ የት አለ?» ሲባል፣ ሩቅ ሳያስብ ወደ ውስጥ ይጠቁማል።

እኛ ተጓዦቹ ደግሞ «ትክክለኛ» የሚለውን ቃል ለትንሽ ጊዜ እናሳርፈው። ወደ ጓሮው ስንሄድ እንደ ግኝት ፈላጊ ሳይሆን እንደ ተመጋቢ እንሂድ። አግዳሚው ላይ ቦታ ካለ እንቀመጥ፣ ሌላው የሚከፍለውን እንክፈል፣ ፎቶ ከማንሳታችን በፊት እንጉረስ። ሻጯ «ይሄ ለእርስዎ አይሆንም» ስትል ደግሞ ዝም ብለን አንሳቅ። ይህን እንድትል ያስተማርናት እኛ ነንና፣ እንድትረሳው የማድረጉም ሥራ የእኛ ነው።